ጭቃ ቤት ምን ይታደሳል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ከተማ ስለሚፈርሱት አሮጌ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ፣ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ማከል ወደድኩ። ልጄን ልጠይቅ ዴንማርክ በሄድኩ ጊዜ፣ ከስቬንቦርግ በመርከብ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተጉዘን ኤሮስኮቢንግ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አሳይቶኛል። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ሰው ገደማ ነው። ከቤቶቿ መካከል እ.ኤ.አ. በ1645 የተሠራ ይገኛል።

አናጺ ነኝና ዓይኔ የሄደው ወደ ግድግዳው ነው። ቋሚውና ማገሩ እንጨት፣ መሐሉ በጡብና በጭቃ የተሞላ ነው፤ በሸክላው ክዳን ፋንታ ቆርቆሮ ቢለብስ ኖሮ የአባቴን ቤት ባልኩት ነበር። ወደቡ ዳር ለብቻው የቆመ ትንሽ ቤት አለ፤ መርከብ ሁሉ ከእንጨት በሚሠራበት ዘመን ወደብ ውስጥ እሳት ማንደድ ስለሚያስፈራ፣ መርከበኞች ከመርከባቸው ወርደው ምግባቸውን የሚያበስሉበት ማድ ቤት ነበር። ከአንዳንዱ መስኮት ውጭ ደግሞ ትንሽ መስታወት ተሰክቷል፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሳያወጣ በመንገዱ ማን እንደመጣ ያይበታል። የሰፈራችን እትዬዎች ቢያዩት ይቀኑ ነበር።

ከተማዋ በ2002 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ለቅርስ ጥበቃ የሚሰጠው የዩሮፓ ኖስትራ ሽልማት ተሰጥቷታል። ሆኖም ቤቶቹ እዚህ የደረሱት በሽልማት አይደለም፤ ዴንማርክ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንፃ ጥበቃ ሕግ ስላላት፣ የተመዘገበ ቤት ባለቤት መስኮቱን እንኳ ያለፈቃድ አይቀይርም።

እኛም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ቅርስ አይደለም የሚል የለም፤ ያልታደሉት በረንዳቸው በተጠረበ እንጨት ያጌጠው፣ ስመ ጥር ባለቤት የሌላቸው ቤቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት የአንዱን በረንዳ እንድጠግን ተጠርቼ ነበር፤ ነገር ግን ፈቃድ የተጠየቀው ክፍል «ጭቃ ቤት ምን ይታደሳል?» ብሎ መለሰን። ጭቃ ቤት ግን ምርጊቱ በየጊዜው ከታደሰና ውኃ ከሥሩ ከተከለከለ ትውልድ ይሻገራል፤ የሚገድለው ፍሳሽ ነው፣ እርጅና አይደለም። በሦስተኛው ወር ተመልሼ ስሄድ የበረንዳው እንጨት ለማገዶ ሲጫን ደረስኩ።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ፣ አንድ አሮጌ ቤት ከመፍረሱ በፊት ቢያንስ ልኩ ተወስዶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲመዘገብ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ከዚያ በረንዳ ለምኜ ያስቀረኋቸው ሁለት ቅርጽ ያላቸው ጣውላዎች በእንጨት ሥራ ቤቴ ይገኛሉ፤ ልካቸውን መውሰድ የሚፈልግ ካለ በሬ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አናጺ፣ ከደሴ