በእርዳታ የመጣ የኦክስጅን ማሽን በሠራበት ሰዓት ይቆጠር

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእርዳታ ለሚገቡ የሕክምና መሣሪያዎች የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ከተቀባዩ ጤና ተቋም የባዮሜዲካል ባለሙያ ፊርማ በኋላ ብቻ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሕክምና መሣሪያ የምንተክል፣ የምንፈትሽና የምንጠግን የባዮሜዲካል መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ነን። ሀገራችን ከዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች፣ ከውጭ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ መሣሪያ ትቀበላለች። ለጋሾቹን ከልብ እናመሰግናለን። የመጣው ዕቃ ግን ሁሉ አልጋ አጠገብ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕክምና መሣሪያ ልገሳ ባወጣው ሰነድ፣ በአንዳንድ አገሮች በእርዳታ ከገባው መሣሪያ ሥራ የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 በመቶው ብቻ መሆኑን ጽፏል። ቀሪው ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ይገባና እዚያው አቧራ ለብሶ ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማሳየት አንድ መሣሪያ እንውሰድ፤ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር። ይህን የመረጥነው በብዛት ስለሚለገስና ሲበላሽ የሚሞተው በአብዛኛው ሕፃን ስለሆነ ነው።

ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አይፈጥርም። የክፍሉን አየር ስቦ በኮምፕረሰር ይጨምቃል፣ ከዚያም ዚዮላይት በሚባል ነጭ ጠጠር በተሞሉ ሁለት ጣሳዎች ውስጥ በየተራ ያሳልፈዋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። 21 በመቶ ኦክስጅን ይዞ የገባው አየር ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ 93 በመቶ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ከ82 በመቶ በታች ከወረደ ለሕክምና አይበቃም። በዚህ ሒደት ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽንና ተራ አየር የሚነፋ ማሽን ድምፃቸው አንድ ነው፣ በቱቦው የሚወጣውም በጣት ሲዳሰስ አንድ ነው። ነርሷ ልታውቅ የምትችለው የማሽኑ ማስጠንቀቂያ መብራት ከሠራ፣ ወይም የኦክስጅን መለኪያ በእጇ ካለ ብቻ ነው። ከእርዳታው ጋር መለኪያው ሲመጣ የምናየው እምብዛም ነው።

መብራት ላይ ስለሚደርሰው ስህተት ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ በጣም የሚደጋገመው እሱ ነውና። ከአሜሪካ ሆስፒታል ተነሥቶ የመጣ ማሽን በጀርባው 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል፣ ስለዚህ ደግ አሳቢ ለጋሽ ትራንስፎርመር ጨምሮ ይልካል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የኮምፕረሰር ሞተር በ50 ኸርዝ ሲዞር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ የሚጨምቀው አየር ያንሳል፤ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ስቦ ይግላል። ማሽኑ ይበራል፣ ያጓራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ የሚወጣው ኦክስጅን ግን ንጽሕናው ይወርዳል። ሞተሩ ከጊዜ በኋላ ሲቃጠል “አሮጌ ስለነበረ ነው” ይባላል። ምክንያቱ እርጅናው አልነበረም። ከመነሻው ለዚህ አገር መብራት አልተሠራም።

ትክክለኛው ባለ 220 ቮልት ማሽንም ቢሆን ያለ ስታቢላይዘር ብዙ አይቆይም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣና የመቆጣጠሪያ ቦርዱን ይመታል። ባለ 5 ሊትር ማሽን 350 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ለቅጽበት የዚህን እጥፍ ድርብ ይስባል። ስለሆነም ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ባለ 500 ቮልት አምፔር ስታቢላይዘር አይችለውም። ቢያንስ 1,000 ቮልት አምፔር የሆነ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ መሆን አለበት። ይህ ዕቃ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን በለጋሾች ዝርዝር ውስጥ በአብዛኛው የለም፣ ሆስፒታሉም በበጀት ዓመቱ መካከል ሊገዛው አይችልም።

መብራቱ ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩ የሚያከማቸው ነገር ስለሌለ ኦክስጅኑም በዚያው ቅጽበት ይቆማል። በመሆኑም እያንዳንዱ ክፍል መጠባበቂያ ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ አዋቂ 20 ሰዓት፣ በደቂቃ 1 ሊትር ለሚወስድ ሕፃን 100 ሰዓት ይበቃል። አንድ ሲሊንደር በር አጠገብ ቆሞ ቢገኝ የብዙ ሌሊቶችን ጭንቀት ያስቀራል። ሆኖም በእርዳታ የሚመጣው ሬጉሌተር (በሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚታሰረው የግፊት መቀነሻ) ጥርሱ ከእኛ ሲሊንደር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የሲሊንደር አፍ ከአገር አገር ይለያያልና። ከመላኩ በፊት አንድ ፎቶግራፍ መለዋወጥ ይበቃ ነበር።

ሌላው ከፍታ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ማሽኑ በሙሉ ፍሰቱ ላይ ሲደረግ ንጽሕናው ይወርዳል። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ ማሽኑ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፎ ይገኛል፤ ልገሳው ሲፈቀድ ግን ይህን ገጽ የሚያነብ ሰው መኖር አለበት። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ተለክቶ ማለፉ ለደብረ ብርሃን ዋስትና አይሆንም፤ መለካት ያለበት በሚሠራበት ቦታ ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። እዚያ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ጥላና ንፋስ ባለበት መቀመጥ አለበት።

አቧራና እርጥበት ቀስ ብለው የሚገድሉ ናቸው። የውጭው ማጣሪያ በየሳምንቱ፣ አቧራ በሚበዛበት አካባቢ በየሁለት ሦስት ቀኑ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። እርጥብ እንዳለ የተመለሰ ማጣሪያ ካልታጠበው ይብሳል፤ ዚዮላይት ውኃ ከጠጣ ናይትሮጅን የመያዝ አቅሙን ያጣል። ክረምቱን ሙሉ በካርቶን ውስጥ ንብረት ክፍል የቆየ አዲስ ማሽን አንድም ታካሚ ሳያገለግል ሊደክም የሚችለውም ለዚህ ነው። “ለበኋላ ይቀመጥ” ተብሎ የተሸሸገ ማሽን አልዳነም። ሥራ ላይ ያልዋለ ማሽን ካለ በየጊዜው ወጥቶ ለተወሰነ ሰዓት መሥራት አለበት።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጨቅላ ሕፃን በደቂቃ ግማሽ ሊትር፣ ቢበዛ አንድ ሊትር ይበቃዋል። በዚህ ስሌት አንድ ባለ 5 ሊትር ማሽን በማከፋፈያ ፍሎሜትር (ፍሰቱን ከፋፍሎ በሚለካ ዕቃ) እስከ አምስት ሕፃናት ሊያገለግል ይችላል። የሚመጣው ግን ማሽኑ ብቻ ነው፤ ማከፋፈያው የለም፣ የአፍንጫ ቱቦውም የአዋቂ ነው። የአዋቂ ቱቦ በጨቅላ አፍንጫ አይገባም፤ በፕላስተር ታስሮ ከአፍንጫው ውጭ ይነፋል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትርም ከሌለ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሕፃን የቱ እንደሆነ በዓይን ይገመታል። በዓይን ደግሞ ብዙው ያመልጣል፤ ከንፈር የሚጠቁረው ከዘገየ በኋላ ነውና። ሚኒስቴሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ፍኖተ ካርታ የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትሪን አንድ ላይ አድርጎ ያቀረበው ይህን አውቆ ነው። ልገሳውም አንድ ላይ መሆን አለበት። ኦክሲሜትሩ ሲታዘዝ የሕፃን መያዣው ለብቻው መጠየቅ እንዳለበትም እናሳስባለን፤ የጣት መቆንጠጫው ለጨቅላ እግር አይሆንም።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በአጭሩ እናንሣ። የደም ኬሚስትሪ ማሽን የሚቀበለው የአምራቹን ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ብቻ ከሆነ፣ ሪኤጀንቱም አገር ውስጥ የሚያስገባ ወኪል ከሌለው፣ ከማሽኑ ጋር የመጣው ካርቶን ሲያልቅ ማሽኑም ያልቃል። ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ጨዋማ ውኃ ባለበት ያለ ማጣሪያ ከተተከለ ማሞቂያው በድንጋይ ይሸፈናል። የታካሚ መከታተያ ሞኒተር ያለ ገመዱ ይመጣል፤ ገመዱ ደግሞ ከሌላ ፋብሪካ ምርት ጋር አይገጥምም።

የማሽን ዓይነት ብዛትም የራሱ ችግር ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ከተለያዩ ለጋሾች የመጡ ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት ኮንሰንትሬተሮች ካሉ፣ ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት ማጣሪያ፣ ቫልቭና ቦርድ መፈለግ አለበት። አንዱም አይገኝም። በክልል ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ሞዴል ብቻ ቢፈቀድ፣ የሞተው ማሽን ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል፣ ሥልጠናውም አንድ ይሆናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ለጋሽ ድርጅት ዕቃውን ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት ከመንግሥት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። በሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ዕቃውን የሚቀበለው ተቋም የባዮሜዲካል ባለሙያ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ፎርም ይኑር። ፎርሙ የማሽኑን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት፣ ቮልቱንና ኸርዙን፣ የሚሠራበትን የከፍታና የሙቀት ጣሪያ፣ አብረው የሚመጡትን ስታቢላይዘር፣ መለኪያ፣ ማጣሪያና ቱቦ በቁጥር፣ አገር ውስጥ መለዋወጫ የሚያቀርበውን ወኪል ይጠይቅ። የአንዱ መልስ ባዶ ከሆነ ለጋሹ እንዲያሟላ ይነገረው፤ ማሟላት ካልቻለ በአክብሮት “አይሆንም” ይባል። ስጦታ መመለስ በባህላችን ነውር እንደሚመስል እናውቃለን። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የልገሳ መርሖዎች ራሳቸው ስጦታው ለተቀባዩ የሚጠቅምና የተቀባዩን ፍላጎት ያከበረ እንዲሆን፣ በጥራትም ሁለት ሚዛን እንዳይኖር ይላሉ። በለጋሹ አገር ለሕመምተኛ የማይሰጥ ማሽን እዚህም አይሰጥም። ኮንቴይነር ሞልተው ለመላክ የሚደክሙ ወገኖቻችንም ከመግዛታቸው በፊት ይህን ፎርም ቢያዩ ድካማቸው ከንቱ አይሆንም፤ አሥር ማሽን ሊልኩ ካሰቡ ስድስት ማሽን ከሙሉ ዕቃው ጋር ይላኩ።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ስለ ሪፖርት ነው። ለጋሽ ድርጅቶች በሪፖርታቸው የሚጽፉት “ይህን ያህል ማሽን አስረክበናል” የሚለውን ነው፤ እኛም የምንልክላቸው የርክክብ ፎቶግራፍ ነው። በእያንዳንዱ ኮንሰንትሬተር ላይ ግን ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግብ ቆጣሪ አለ። ስድስት ወር 4,380 ሰዓት ያህል ነው። ማሽኑ ከዚህ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቢሠራ ቆጣሪው 1,460 ገደማ ይላል። ስድስት ወር ቆይቶ 30 ሰዓት የሚል ማሽን ካለ፣ እሱ ተሰጠ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ስለሆነም ከርክክብ ስድስት ወርና ከዓመት በኋላ የሰዓት ቆጣሪው ንባብና በሙሉ ፍሰት የተለካው የኦክስጅን መቶኛ ለሚኒስቴሩም ለለጋሹም ይላክ። ሁለት ቁጥር ነው፤ ለአንድ ማሽን ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም። በርክክቡ ቀንም ማሽኑ አሥር ደቂቃ ሞቆ በሙሉ ፍሰት ይለካ፣ ቱቦው ታጥፎ የፍሰት ማስጠንቀቂያው ይሞከር፣ ገመዱ ተነቅሎ የመብራት መቋረጥ ማስጠንቀቂያው መጮሁ ይረጋገጥ። ሞዴል 19 ከዚህ በኋላ ይቆረጥ።

ሦስተኛ፣ የሞቱ መሣሪያዎች የሚወገዱበት መንገድ ይፍጠን። አሁን ከሥራ ውጭ የሆነ ዕቃ ከመዝገብ እስኪወጣ ብዙ ኮሚቴ ይጠብቃል። እስከዚያ በቆጠራ ላይ “አለ” ተብሎ ስለሚታይ፣ አዲስ የሚጠይቅ ሆስፒታል “አላችሁ” የሚል መልስ ያገኛል።

የፎርሙን ረቂቅና የርክክብ ፍተሻውን ቅደም ተከተል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን። በአንድ ክልል ውስጥ በጥቂት ሆስፒታሎች ለስድስት ወር ተሞክሮ የቆጣሪው ንባብ እንዲታይ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በመንግሥት ጤና ተቋማት የምንሠራ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለክልል ጤና ቢሮዎች