ለልጄ፣ ኮምቦልቻ ግቢ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል፣ ሆዴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ወንድምሽ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ማታ ማታ ያንቺን የድሮ ደብተሮች ዘርግቶ ያጠናል።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ያልጨረስነው ነገር ስላለ ነው። «ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ደሴ ይመስለዋል፤ ቅርንጫፉ ጋ ነኝ ማለት ደግሞ ይከብደኛል» ብለሽኛል። ድምፅሽ ቅር እንዳለሽ ያስታውቅ ነበር። ሌላው ሳሎን ተጋብዞ አንቺ ብቻ ጓዳ የቀረሽ ያህል ተሰምቶሻል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

አጎትሽን ጠይቂው። እሱ አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ሲማር ኮሌጁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ዋናው ግቢ 6 ኪሎ፣ እነሱ ሐይቅ ዳር። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የዚያ አካል ሆነ፤ ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። ዓለማያም፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢሆን እስከ 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። የአገሪቱን የእርሻ ባለሙያ በብዛት ያፈራው ግን ያ ሩቅ ግቢ ነው። በኛ ዘመንም አይተናል። ጭሮ የነበረው የሐረማያ ግቢ ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ያንቺም ግቢ አንድ ቀን ራሱን ይችላል እያልኩሽ አይደለም። እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንቺ እዚያ የምትቆዪባቸው ዓመታት ናቸው።

እስቲ ያለሽበትን ቦታ እይው። የምታጠኚው የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው። ደሴ የምወዳት ከተማ ናት፤ ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያለው ኮምቦልቻ ነው። በደርግ ዘመን የተተከለ፣ ጥጥ ፈትሎ ክር የሚያወጣ፣ ሸምኖ ጨርቅ የሚያደርስ ፋብሪካ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የቢራ ፋብሪካው አለ፣ የብረታ ብረቱ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድና በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ የሚገናኙትም እዚያው ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በዚያ ያልፋል። መሐንዲስ ለመሆን የሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ሰፈር የት ያገኛል? ደሴ ያለ ተማሪ ፋብሪካ ለማየት የሐረጎን ተራራ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። አንቺ ባጃጅ ይበቃሻል።

ስለዚህ ከበሩ ውጪ ያለውን ተማሪበት። እስከ ኢንተርንሺፕ አትጠብቂ። የኢንተርንሺፕ ጊዜ ሲመጣ ሁሉም ደብዳቤ ይዞ ይሯሯጣል፤ ያኔ የሚያውቅሽ ሰው ካለ ሌላ ነገር ነው። መምህራንሽን ጠይቂ። የጉብኝት ፕሮግራም ካለ ስምሽን አስመዝግቢ። ካልተቻለም ከሥራ የሚወጡትን ሴቶች ሻይ ቤት አግኝተሽ አውሪያቸው። ማሽን ላይ ብዙ ዓመት የቆመች ሴት ክሩ ለምን እንደሚበጠስ በጆሮዋ ትለያለች። እሷን «እትዬ» ብለሽ በአክብሮት ጠይቂያት። ዲግሪ የላትም ብለሽ ንቀሽ እንዳታልፊያት አደራ።

ይህን የምልሽ የራሴ ጉጉት ስላለብኝም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። መስከረም ሲጠባ ቤታችን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አንዱ ጣቃ ታጥቦ ቀለሙን ይለቃል፣ ሌላው ተኮማትሮ የልጁ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል። እናቶች ወቀሳውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ጥጥ ለምን እንደሚኮማተር ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ፤ ማሽኑ ላይ ተወጥሮ የተሠራ ጨርቅ ውኃ ሲያገኝ ወደ ልኩ ይመለሳል አልሽኝ። እኔ ከመቁረጤ በፊት ውኃ የማስነካው ከእናቴ ስለተማርኩት ነበር። ምክንያቱን ከልጄ አፍ ስሰማ ምን ያህል እንደኮራሁ ልነግርሽ አልችልም። ያ እውቀት ኮምቦልቻ ነው የተሰጠሽ።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አልልሽም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲውም ፋብሪካዎችም ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባላት ከፈቀደችበት ከአጎዋ ኢትዮጵያን አወጣች። ያለ ቀረጥ ልብስ ለመላክ ሲሉ የመጡ ኩባንያዎች መሠረታቸው ተናጋ። ስንት ወጣት ሴት ከሥራ እንደወጣች እዚያ ያሉት ይነግሩሻል። ይህ ሙያ ከባድ ጊዜ ላይ ነው፤ ስትመረቂ ሥራ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። ግን እኮ ያገሬ ሰው ጨርቅ መልበሱን አያቆምም። የምሰፋው ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ጥጥ አፋር ውስጥም መተማም ይበቅላል። በመሃል ያለውን ሥራ በጥራትና በዋጋ የሚችል ሰው ጎድሎናል። ያንቺ ትምህርት እሱ ነው።

ሌላው፣ መውጫ ፈተናው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳያልፈው አይመረቅም። ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ትልቅ ስም አለው፤ ያንቺን ትምህርት የሚያጠኑ የዚያ ልጆችም ያው ፈተና ነው የሚቀርብላቸው። ወረቀቱ ከየትኛው ግቢ እንደመጣሽ አያውቅም። ከዚያ ያሉ ተማሪዎችን በቴሌግራም ፈልጊያቸው፣ ማስታወሻ ተለዋወጡ። አታፍሪ። ጥሩ ተማሪ ጥሩ ጠያቂ ነው።

የወረቀት ጉዳይ ላይ ጠንቃቃ ሁኚ። በየትም አገር ብዙ ግቢ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ከግቢ ግቢ ይዘዋወራል፤ ሲዘዋወር ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። የግሬድ ሪፖርትሽን በየሴሚስተሩ ኮፒ አድርጊ። የኮስት ሼሪንግ ውልሽንም አንድ ቅጂ ላኪልኝ፣ እዚህ ፋይል አደርገዋለሁ። ደሴ የሚያስወጣ ጉዳይ ካለሽ አጠራቅመሽ በአንድ ቀን ጨርሺው። ስትሄጂ ጋቢ ያዢ። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፤ ደሴ ግን ከእሷ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፣ ብርዷ አይቻልም። ጊዜ ከተረፈሽም ዝም ብለሽ እንዳትመለሺ። እዚያ ያሉትን የሕክምናና የሕግ ተማሪዎች ተዋወቂ። የምህንድስና ልጆች እርስ በርስ ብቻ ሲያወሩ መውላቸው ጥሩ አይደለም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ስለ ካፌው ምግብ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቻለሁ፣ ጭኮም አለበት። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን የሰፈራችን ሾፌር ይዞልሽ ይመጣል። መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሻል። ለዶርም ጓደኞችሽም አካፍያቸው፤ በተለይ ከሩቅ የመጣችውና ለዕረፍት አገሯ መግባት ያልቻለችው ልጅ እንዳትቀር። ለቀጣዩ ዕረፍት እሷንም ይዘሻት ነይ፣ ቤታችን አይጠብም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። የኮምቦልቻው ፋብሪካ ለዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ በችርቻሮ ይሸጥ እንደሆነ አጣሪልኝ። ከሸጠ የሜትሩን ዋጋና ስፋቱን ጻፊልኝ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቢሆን እመርጣለሁ። ናሙና ካገኘሽ ግማሽ ሜትር ላኪልኝና አጥቤ ልሞክረው፤ ከሐምሌ በፊት ቢደርሰኝ ለመስከረሙ ትዕዛዝ እደርስበታለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

እናትሽ