ኤንጅልፊሽ ከመውሰዳችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ገንዳውን በገዛችሁበት ቀን ኤንጅልፊሹን (በጨው ውሃ የሚኖረውን የባሕር ዓሣ) አብረን የማናስረክበው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። ምክንያቱ ውሃው ነው። አዲስ ገንዳ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙበትም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሳይሆን ዓሣ አንሰጥም። ለኤንጅልፊሽ ደግሞ ወራት ያስቆጠረ ገንዳ ይሻላል፤ ድንጋዩ ላይ አልጌና ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ስለሚያበቅል ቀኑን ሙሉ የሚለቃቅመው አያጣም።

መጠኑንም አስቡ። ጠቆር ባለ ሰማያዊ ላይ ነጭ ክብ መስመሮች ያሉት ትንሹ ኤምፐረር የተባለው የኤንጅልፊሽ ዓይነት አድጎ 40 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፤ መልኩም ወደ ቢጫና ሰማያዊ መስመር ይለወጣል። ገንዳው ከ800 ሊትር ካነሰ ባትወስዱት እንመርጣለን። 250 ሊትር ላላችሁ ሴንትሮፒጅ የሚባሉት ድንክዬ ኤንጅልፊሾች ይበቃሉ። አንድ ብቻ ውሰዱ፣ ቦታ ስለሚሻሙ ይጣላሉ። ከሌሎቹ ዓሦች ሁሉ መጨረሻም ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ገንዳውን የራሱ አድርጎ አዲስ መጪውን ያሳድዳል። ኮራል ያላችሁ ግን ሁለቴ አስቡበት፣ ይነክሰዋል።

ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ) የተጣራ ይሁን፤ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨምራችሁ በሪፍራክቶሜትር (በጨዋማነት መለኪያ) 1.025 እስኪያሳይ አስተካክሉ። ሙቀቱን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያዙት። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ስለሆነ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አትሙሉ።

ዓሣው እኛ ዘንድ በለይቶ ማቆያ 4 ሳምንት ይቆያል። ነጭ የጨው ቅንጣት የሚመስለው ተባይ ከታየበት በመዳብ መድኃኒት እናክመዋለን። ይህን መድኃኒት በዋናው ገንዳችሁ ውስጥ ፈጽሞ አትጨምሩ፤ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይገድላል፣ ድንጋዩም ይመጠዋል።

በጣም የምንሰጋው ስለ ማጓጓዣው ከረጢት ነው። ለሰዓታት በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ከዓሣው ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ስለሚያወርደው፣ የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳም። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ጋዙ ያመልጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከፍታችሁ ለሰዓት ያህል ጠብታ በጠብታ ማላመዱ ይጎዳዋል። እንደተዘጋ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፉት፤ ከዚያ ከፍታችሁ ዓሣውን ብቻ አውጥታችሁ አስገቡት፣ የከረጢቱን ውሃ ድፉት። ይህ እንዲሠራ የእኛና የእናንተ ጨዋማነት እኩል መሆን ስላለበት፣ ከመምጣታችሁ 3 ቀን አስቀድማችሁ የገንዳችሁን የጨዋማነት ልክ ደውላችሁ ንገሩን፤ እኛም ቀስ እያልን እናስተካክልላችኋለን።

መጀመሪያ ቀን ባይበላ አትደንግጡ፣ መብራቱን አጥፉለት። በማግስቱ ማይሲስ የተባለ ትንሽ ሽሪምፕ፣ ኖሪ (የደረቀ የባሕር አልጌ) እና ስፖንጅ ያለበት በፍሪዘር የተቀመጠ ምግብ በቀን ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ስጡት። በሦስተኛው ቀንም እንቢ ካለ ደውሉልን።

የውሃ ናሙና ስታመጡ ሳሙና ባልነካው ጠርሙስ ይሁን፣ በተቀዳበትም ቀን ይድረሰን።