«እስከ መቼ ትቆያለሽ?»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ ወር ብቻ አራት ወጣቶች ደውለውልኛል። ሁለቱን ጨርሶ አላውቃቸውም፤ ስልኬን ከሰው ተቀብለው ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ «እትዬ፣ ሰሜን ሥራ ሞልቷል ይባላል፣ ልምጣ ወይ?» ለእያንዳንዳቸው የነገርኋቸውን ሌሎችም ቢሰሙት ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የምኖረው በካናዳ ሰሜን፣ የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ዋና ከተማ በሆነችው በየሎውናይፍ ነው። ግዛቱ በስፋት ከኢትዮጵያ ይበልጣል፤ ሕዝቡ ግን ሃምሳ ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ በዚህችው ከተማ ይኖራል። ቅርብ የሚባለው ትልቅ ከተማ ኤድመንተን ነው፤ በመኪና 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ርቀቱን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። እዚህ ሰው ሥራ የሚያገኘውም የሚያጣውም በዚህ ርቀት ምክንያት ነው።

እኔ ኤድመንተን ተቀምጬ ለአራት ወራት ማመልከቻ እልክ ነበር። በአገሬ ዘጠኝ ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ማስረጃዬም ተተርጉሞ፣ ተመዝኖ፣ ማኅተም አርፎበታል። ከሠላሳ በላይ ቦታ ላክሁ፤ የደወለልኝ አልነበረም። ጥፋቱን በእንግሊዝኛዬ፣ በስሜ፣ በቆዳዬ ቀለም ላይ ስፈልግ ከረምሁ። በመጨረሻ ዕቃ ጭኖ ከሚመጣ ወገናችን ጋር ተሳፍሬ በጥር ወር ገባሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ነበር። በማግሥቱ በመስኮት ሳይ በየደጁ የቆሙት መኪኖች ከአፍንጫቸው ገመድ ተንጠልጥሎ ከግድግዳ ጋር ተያይዘዋል፤ ሞተራቸው እንዳይቀዘቅዝ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ያድራል።

በሦስተኛው ቀን የስልክ ቁጥሬን ቀየርሁ። የቀድሞው በ780 ይጀምር ነበር፤ አዲሱ በ867፣ በመላው የካናዳ ሰሜን ቁጥር። ያንኑ ማመልከቻ፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ፣ በአዲሱ አድራሻና ስልክ ላክሁት። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ቦታ ተደወለልኝ።

የመጀመሪያው ክፍል የማጽዳት ሥራ ያለበት ሆቴል ነበር። ኃላፊዋ ማስረጃዎቼን አልገለጠቻቸውም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «እስከ መቼ ትቆያለሽ?» ቢያንስ ሁለት የብርድ ወቅቶች አልሁ። ትንሽ ዐይን ዐይኔን አየችኝና «ሰኞ ጀምሪ» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ብዙ ሰው በሰኔ ይመጣል፤ ያኔ ብርሃኑ ሃያ ሰዓት ያህል ነው፣ ሁሉም ያምራል። በታኅሣሥ ቀኑ አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ያሠለጠነው ቀጣሪ ምትክ የሚፈልገው ከዚያ ሁሉ ርቀት ነው። ለሦስት ወር መጥቶ የሚጠፋ ልጅ የሚዘጋው የራሱን በር ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚያንኳኳውን የአገሩን ልጅ ጭምር ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ክፍል ያጸዳሁት አሥራ አራት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ወረቀቴ ሊሰጠኝ ያልቻለውን አገኘሁ፤ በከተማው ውስጥ ስለ እኔ የሚመሰክር ሰው። የሆቴሉ ሂሳብ ሠራተኛ ዕረፍት ስትወጣ የደመወዙን ሂሳብ ለሁለት ሳምንት ያዝሁላት። ዛሬ በአንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ በሙያዬ እሠራለሁ።

ከወገኖቼ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ፤ «የመንግሥት ሥራ ለነባሮቹ ነው የሚሰጠው» ይላሉ። አዎ፣ የግዛቱ መንግሥት ሲቀጥር ለነባር ሕዝቦች ቅድሚያ ይሰጣል። ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። መሬቱ የአባቶቻቸው ነው፤ ከግዛቱ አሥራ አንድ የሥራ ቋንቋዎች ዘጠኙ የእነርሱ ናቸው። አጠገቤ የምትሠራ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዴኔ ተወላጅ እናት በልጅነቷ ከቤተሰቧ ተወስዳ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደገባች ነግራኛለች፤ በዚያ በቋንቋዋ መናገር ክልክል ነበር። ያንን የሰማ ሰው በተራው ላይ አያጉረመርምም።

የአልማዝ ማዕድን ሥራ ለሚያልሙም እውነቱን ልንገራቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ሲያመርት የኖረው የዳያቪክ ማዕድን ማብቂያው 2026 ተብሎ ከተቆረጠ ቆይቷል። ከባድ ማሽን የሚነዳ ልምድ ያለው ሠራተኛ ሥራ እየፈለገ ባለበት ሰዓት አዲስ መጪ በዚያ በኩል ቢመጣ ይጎዳል። አረጋውያንን መንከባከብ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ወጥ ቤት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ማደሪያ። የቤት ኪራይ እጅግ ውድ ነው፤ ክፍልም በቀላሉ አይገኝም፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ውጭ ማደር ሞት ነው። መንጃ ፈቃድም ይዛችሁ ኑ፤ በየማስታወቂያው ይጠየቃል።

ከአራቱ ደዋዮች አንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ በጥር እመጣለሁ ብሏል። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ክፍል አግኝቼለታለሁ። ወፍራም ቦት ጫማም ገዝቼ በቤቴ በር ሥር አስቀምጫለሁ፤ ቁጥሩ 43 ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከየሎውናይፍ