ሌሊት ስንት ሰው አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ከቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ እየተቀበሉ አረጋውያንን ስለሚያኖሩ ቤቶች ነው። እኔ በምኖርበት አካባቢ ብቻ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሦስት ተከፍተዋል። መከፈታቸውን አልቃወምም። ያስፈልጋሉ። ግን አንድ ነገር ዓይቻለሁ፤ ዝም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ 16 ዓመት ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ሠርቻለሁ። ሲኤንኤ ነበርኩ። እዚያ ያለ አበሻ ሁሉ ሲኤንኤ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለማያውቅ ልንገረው፤ አረጋውያንን የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ፣ ዳይፐር የሚቀይር፣ አልጋ ላይ የሚያገላብጥ ሠራተኛ ማለት ነው። አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት ናይት ሺፍት ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ወደ አገሬ ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆነኝ።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። 84 ዓመቷ ነው። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሦስቱም ልጆቿ ውጭ ናቸው። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለም። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ደረጃውን ወርዳ አታውቅም። ሠራተኛ ቀጠርንላት፤ አንዷ ስድስት ወር ሠርታ ቤይሩት ሄደች፣ ሌላዋ «ሰው ማንሳት አልችልም» ብላ ወጣች። አልፈርድባትም፤ የእኔም ወገብ ያለቀው በማንሳት ነው። ስለዚህ ከልጆቿ ጋር በስልክ ስንመካከር ከርመን የአረጋውያን ቤት ይሻላል አልን። ጎረቤቱ «ወልዳ ከብዳ መጠለያ ገባች» ብሎ አማን። ቻልነው።

ቤቱን ቀን ሄጄ አየሁት። ግቢው አበባ ሞልቶታል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ያብረቀርቃል። አሁን ሳስበው ያ ሴራሚክ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ እርጥብ ሲሆን ሽማግሌና ባልቴት የሚሰብረው እሱ ነው። ቡና ተፈልቷል፣ እጣኑ ይጨሳል። ጋዋን የለበሱ አራት ልጆች «እማማ፣ አባባ» እያሉ ላይ ታች ይላሉ። እንጀራውን አየሁ፣ ወጡን ቀመስኩ፣ ሽንት ቤቱን ከፍቼ አየሁ። ደስ አለኝ። በወር 25 ሺህ ብር ተስማማን፤ ልጆቿ እያዋጡ ይልካሉ። 16 ዓመት ሌሊት የሠራሁ ሰው «ሌሊት ስንት ሰው አለ?» ብዬ ሳልጠይቅ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከልቅሶ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። መብራት ጠፍቷል። እቴቴ ጨለማ ትፈራለች፤ ጎራ ብዬ ልያት አልኩ። ዘበኛው አወቀኝና አስገባኝ። ዋናው የቤቱ በር ግን በጓጉንቸር ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። «ለምን ቆለፍከው?» አልኩት። «ወጥተው እንዳይጠፉ ነው» አለኝ።

ገባሁ። 19 አረጋውያን ተኝተዋል። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ 20 ዓመት የሞላት አይመስለኝም። ቀን ስታጸዳ ያየኋት ልጅ ነች። ሻማ ለኩሳ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አቁማለች። ወንበሩ መጋረጃው ሥር ነው። በሩ ደግሞ ከውጭ ተቆልፏል። አንባቢ ይህን ደግሞ ያስበው።

የእቴቴ ቀኝ እጅ በገዛ ነጠላዋ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል።

ልጅቷ ስታየኝ ማልቀስ ጀመረች። «እንዳይወድቁብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። «ትናንት ሊወርዱ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው። እኔ አንድ ነኝ፤ ማንን ይዤ ማንን ልተው?»

ፈታኋት። የነጠላው ጥለት ቆዳዋ ላይ ታትሟል፤ መስመር መስመሩ ሳይቀር ይታያል። እቴቴ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ መሸብሽ እኮ» ነው ያለችኝ። ዳይፐሯ ከብዶ ወርዷል። ቀየርኳት። ወደ ጎን አዞርኳትና ተረከዟን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ይሞቃል። በስልኬ መብራት ሳየው ጠቁሯል፤ የብር ሳንቲም ያህላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጅ አልጋ ላይ ያለበት ሰው ይጠቀምበታል። የአልጋ ቁስል የሚመጣው አጥንት ከፍራሽ ጋር ሥጋን ሲጫን ነው። ደም እዚያ ቦታ መድረስ ያቅተዋል፤ ሥጋው ይሞታል። ጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ ላይ ይበዛል። ለመጀመር ሰዓታት ይበቁታል፤ ለመዳን ወራት ይፈጃል፤ አጥንት ከደረሰና ከመረቀዘ ይገድላል። ነጭ ቆዳ ላይ ሲጀምር ይቀላል። እኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ አይታይም። ይጠቁራል፣ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ስለዚህ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ እጅ ያስፈልጋል። ከዙሪያው ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ፣ ጠጥሮ ወይም ለስልሶ ካገኛችሁት ተጀምሯል ማለት ነው። መከላከያው ማገላበጥ ነው። እኛ የተማርነው በየሁለት ሰዓቱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ከ19ኙ ስምንቱ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም እንበል። አንድን ሰው ማገላበጥ፣ ዳይፐሩን ማየት፣ ትራስ መደገፍ ሲፋጠን 10 ደቂቃ ነው። ለስምንቱ 80 ደቂቃ። አንድ ዙር ስትጨርስ ሌላው ዙር ሊደርስ የቀረው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀሩት 11ዱ ደግሞ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው ተነሥተው በሩን ይፈልጋሉ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። ብታስር ምን ይገርማል? ያሰረቻት ልጅቷ አይደለችም እላለሁ። ያሰራት አንድ ሰው ለ19 ያስቀመጠው ሰው ነው።

አሜሪካ ገነት ነው ልላችሁ አይደለም። እዚያም ሥራው ሰው ያልቅበታል፤ ባልደረባ ሲቀር የሁለት ሰው ክፍል ይዤ ያነጋሁበት ሌሊት ብዙ ነው። ግን ድሮ እዚያም አረጋውያንን ማሰር የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ሕግ ነው ነገሩን የለወጠው። ለሠራተኛው እንዲመቸው ወይም ለቅጣት ብሎ ማንንም ማሰር ከለከለ። እንዲረጋጉ ብቻ እየተባለ በመድኃኒት ማደንዘዝንም ከለከለ። ሠራተኛው ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን አዘዘ። ያቺን ልጅ «ማን አሠለጠነሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ከእኔ በፊት የነበረችው አንድ ቀን አሳየችኝ» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ተቆጣጣሪዎቹን ነው። ሳይነግሩ ነው የሚመጡት። የሚመጡበትን ቀን አስቀድሞ ሹክ ያለ ሰው በሕግ ይቀጣል። ከቁጥጥሩ ቢያንስ አሥር በመቶው ቅዳሜና እሑድ፣ ወይም ማታና ማለዳ እንዲጀመር መመሪያ አላቸው። አንድ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ባጅዋን አንጠልጥላ ገባች። ቢሮ አልጠየቀችም፣ ፋይል አልጠየቀችም። እኔ ጋ መጥታ «ዛሬ ሌሊት ስንት ሰው ይዘሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ አንድ አልጋ ጋ ሄዳ፣ ባለአልጋውን አዛውንት አስፈቅዳ፣ እጇን አንሶላው ሥር ከተተች። ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ያን ማወቅ ነው የፈለገችው። ደግሞ በየቀኑ በእያንዳንዱ ሺፍት ስንት ነርስና ስንት ሲኤንኤ እንዳለ ተጽፎ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። እናቱን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ያነበዋል።

እዚያም ትግሉ አላለቀም። በ2024 መንግሥት ለእያንዳንዱ ተኝቶ ተገልጋይ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የሠራተኛ ጊዜ እንዲመደብ ደንብ አውጥቶ ነበር። ባለቤቶቹ «ሰው አናገኝም፣ ገንዘብ የለም» ብለው ተካሰሱ። በ2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። በጣም አዘንኩ። ቢሆንም ክርክሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ የሚከራከሩት በሰው ቁጥር ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ጥር 2016 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያም ተቀብላ አጽድቃዋለች፤ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 11 በቀጥታ ስለ እነዚህ ቤቶች ይናገራል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰጠው እንክብካቤ ብሔራዊ ዝቅተኛ መስፈርት ማሟላት አለበት ይላል። በየዓመቱ መስከረም 21 የአረጋውያንን ቀን እናከብራለን። ንግግሩም፣ ኬኩም ቀን ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እቴቴን ላዛውራት ብዬ ሌሎች ሦስት ቤቶች ዞርኩ። ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «ሌሊት ስንት ሰው አለ? የትኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል?» አንዱ በፍሬም የተሰቀለ የንግድ ፈቃዱን አሳየኝ። ሁለተኛዋ «አታስቢ፣ እንደ ቤተሰብ ነን» አለችኝ። ሦስተኛው «አክስትሽ ማታ ማታ ይረብሻሉ እንዴ? ለእሱ የምንሰጠው ክኒን አለ» አለ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። ማንም ሊያሳየኝ ያልቻለው መስፈርት ለእቴቴ ምኗም አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለእነዚህ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈቃዱ ላይ የሌሊት ሠራተኛ ቁጥር ይጻፍበት፤ ራሳቸውን መገላበጥ ለማይችሉት ለብቻ ይቆጠር። ቁጥሩ በራፉ ላይ በአማርኛ በትልቁ ይለጠፍ። ተቆጣጣሪ ሲላክ በሌሊትም ይላክ፣ ሳይነገር ይላክ፤ ፋይሉን ከማየቱ በፊት አንሶላውን ይንካ። በር ከውጭ አይቆለፍ። የሚጠፋ ሰው ካለ መፍትሔው የሚጠብቀው ሰው ነው፤ እሳት ቢነሳ ዘበኛው ቁልፍ እስኪፈልግ ማን ይጠብቃል? ሻማው ይቅርና በባትሪ የሚሠራ መብራት ይገዛ፤ ዋጋው ከአንድ አረጋዊ የወር ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ባለቤቶቹ የሚሉትን አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ የጄነሬተር ነዳጅ አለ፣ ሌሊት ሁለት ሰው ስንጨምር ክፍያው ይጨምራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ይንገሩንና ቤተሰብ አውቆ ይወስን። የእቴቴ ልጆች ዶላር ሲልኩ የገዙት መስሏቸው የነበረው ሌሊቱንም ጭምር ነው። የተሸጠላቸው ቀኑ ብቻ ነበር። ውጭ ያላችሁ ልጆችም ስሙኝ፤ ቪዲዮ ደውላችሁ እናታችሁ ታጥባ፣ ሻሽ አስራ ስታዩ አትርኩ። እሱ ቀን ነው። በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ ማን ያነሳል?

«ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን የመቄዶንያን መሪ ቃል መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። አቶ ቢንያም በለጠና አብረውት ያሉት ማንም ያላነሳውን ሰው ከመንገድ አንሥተዋል፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ይህ ደብዳቤ እነሱን አይመለከትም። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ቤት ግን ሌላ ነው። ውል ገብቷል። ያቺ የምታለቅስ ልጅም ሰው ነበረች፤ በደንብ ሰው ነበረች። አንድ መሆኗ ነው የጎዳት።

እቴቴ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ክፍሌ ጠባብ ነው፤ አልጋዋን መስኮቱ ሥር አድርጌላታለሁ። ተረከዟ ሦስት ወር ፈጅቶ ዳነ። ሌሊት 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል፤ ተነሥቼ አዞራታለሁ። ስንት ወር እንደምችል አላውቅም፤ ወገቤ ያስቸግረኛል። ወደ ጥሩ ቤት ብትመለስ ደስ ይለኛል። እሷም ትፈልጋለች፤ እዚያ ቡና የምትጠጣባቸው ሁለት ጓደኞች ነበሯት። አንደኛዋ አሁንም እዚያው አሉ፤ እሳቸውም በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም።

ውድ ዝግጅት ክፍል፣ በዚህ ጉዳይ ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ እባካችሁ ቀን አትላኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ላኩ። እኔ አብሬ እሄዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የእቴቴ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና ስልኬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)