ሳይለኩ ሞተር አያውርዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያገለገለ መኪና ሳያስመረምሩ ገዝተው ሞተሩ ያስቸገራቸው ሰዎች ጋራዥ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠብቃቸው ወቀሳ ነው። «ሲገዙ ለምን ባለሙያ ይዘው አልሄዱም?» ይባላሉ። ከዚያ አንድም ነገር ሳይለካ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር ይጻፍላቸዋል። በሞተር ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝና ይህ አሠራር ያንገበግበኛል። ከግዢ በፊት የቀረው ምርመራ ከግዢ በኋላም ይደረጋል፤ ሊደረግም ይገባል።

አንድ ደንበኛዬ ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ መኪና ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ «የፒስቶን ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ተብለዋል፤ ፋሻ ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽግ ቀለበት ነው። ጭሱ መቼ እንደሚታይ ጠየቅኋቸው። ቆሞ ባደረ ቁጥር ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል፤ ዳገት ሲወጣ ግን የለም አሉኝ። ፋሻ ያለቀበት ሞተር አብዝቶ የሚያጨሰው ደግሞ ጉልበት ሲጠየቅ ነው። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቼ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስቶኑ በየሲሊንደሩ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት ስለካ ሁሉም ሲሊንደሮች በ12 ባር አካባቢ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ችግሩ የደረቀ የቫልቮላ ጎሚኒ ነበር፤ ቫልቮላ የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ ነው፣ ጎሚኒው ደግሞ ዘይት እንዳያልፍ ዘንጉን ያሽጋል። ሌሊት በቫልቮላው ዘንግ በኩል የሚወርደው ዘይት ጠዋት ይቃጠላል። ጎሚኒው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) እንኳ ሳይነሣ ተቀየረ። እኒያ ሰው ግን ሙሉ የሞተር እድሳት ሊከፍሉ ተዘጋጅተው ነበር!

ኮምፕሬሽን የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጁና እሳቱ ተቋርጦ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለውን የቴስታታ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) እጠረጥራለሁ። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሬበት እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ ወደ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቮላው አመራለሁ።

የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮዶች የሚያነበው ስካነርም ቢሆን በወጉ ካልተነበበ ያሳስታል። ፒ0171 ሲወጣ ወዲያው ኦክስጅን ሴንሰር የሚቀይሩ አሉ። ኮዱ የሚለው በድብልቁ ውስጥ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል ነው፤ መንስኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ፒ0303 ከሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አይቃጠልም ማለት ነው። በየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ ዕቃ) ያለው ሞተር ከሆነ አዲስ ከመግዛት በፊት የሦስተኛውንና የአንደኛውን ማቀያየር ይበቃል፤ ኮዱ ወደ ፒ0301 ከዞረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱም ማንንም አያዘናጋ። ለሽያጭ ሲሉ ኮድ የሚያስጠፉ ሰዎች አሉ። መኪናው በራሱ ላይ የሚያካሂዳቸው ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን ስካነሩ ያሳያል፤ አብዛኞቹ ካልተጠናቀቁ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለጥቂት ቀናት ተነድቶ እንደገና ይነበብ።

ያለ ልኬት እንዲቀየር የምመክረው የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮላዎቹን መከፈት ከፒስቶኑ እንቅስቃሴ ጋር የሚያጣጥመው ቀበቶ) ብቻ ነው፤ ያውም መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮላውን ይመታል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ከባድ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ልኬትና የተነበበውን ኮድ በወረቀት ጽፈን ከሥራው በፊት ለባለቤቱ እንድንሰጥ ነው። ወረቀቱን ይዞ ሌላ ባለሙያ ማማከር መብቱ ነው። ባለንብረቶችም ሞተር ይውረድ ሲባሉ ይህን ወረቀት ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ