በየዓመቱ ሰኔና ሰኞ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለገንዘብ ሚኒስቴር

ለ፦ ገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰብል ዝርያ ማሻሻያ ምርምር በጀት ከመኸር እርሻ ጋር እንዲጣጣም ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ ለግብርና ሚኒስቴር እንድጽፈው የመከሩኝ ባልደረቦች ነበሩ። ዘርን የሚመለከት ነገር ሁሉ ወደዚያ መሄዱ የተለመደ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ከዘሩ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ የሂሳብ ዓመት አከፋፈትንና አዘጋግን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጣና ዙሪያ ከሚገኙ የመንግሥት ተቋማት በአንዱ ጤፍና ዳጉሳ በማሻሻል የምሠራ ተመራማሪና መምህር ነኝ። ስለ ጣና አቤቱታ ሲሰማ ሰው ሁሉ እንቦጭን ይጠብቃል። የእኔ አቤቱታ ከሐይቁ ወጣ ብሎ፣ እርሻው ላይ ነው።

ቀኖቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ዳጉሳ የሚዘራው ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ከማጥለቅለቃቸው በፊት የፎገራ ሩዝም መሬት መያዝ አለበት። ጤፍ ሐምሌን ይጠብቃል። የመንግሥት የሂሳብ ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በወረቀት ላይ በመካከሉ ያለው አንድ ሌሊት ነው። በተግባር ግን እኔ በማውቃቸው ጣቢያዎች ግዥ የሚቆመው ገና ሰኔ ሲገባ ነው፤ አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ የሥራ ዕቅዱ ተፈርሞ እስከ ሙከራ መሬቱ ድረስ እስኪወርድ ነሐሴ ይገባል። ያን ጊዜ የጎረቤታችን ገበሬ ዳጉሳ ታርሞ አልፏል። ገበሬው በሰኔ ከጎታው ዘር ያወጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በሰኔ ካዝናውን ይቆልፋል። ክፉ መገጣጠም ሲመጣ «ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ» ይባላል። እኛ ዘንድ ሰኔ በየትኛውም ቀን ይባት፣ ሁልጊዜ ሰኔና ሰኞ ነው።

አንድ የዳጉሳ ሙከራ ለመዝራት የሚያስፈልገው ውድ ነገር የለም፦ መደብ የሚለካበት ሲባጎ፣ ካስማ፣ የዘር ፖስታ፣ ማዳበሪያ፣ ለመኪናው ናፍጣ፣ መስመር አውጥተው የሚዘሩ የቀን ሠራተኞች። ሠራተኞቹ ከጧቱ አንድ ሰዓት በፊት በር ላይ ተሰብስበዋል። ዝናቡ ከትናንት ማታ ጀምሮ መሬቱን አለስልሶታል። ተመራማሪው ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ ሂሳብ ክፍል ይገባል፤ «ዶክተር፣ እባክዎን ሐምሌ ላይ ይምጡ» ይባላል። ሂሳብ ሹሙን አልወቅስም። ለሚዘጋ ዓመት አዲስ ወጪ ቢያወጣ ኦዲተር የሚጠይቀው እሱን ነው። ከባልደረቦቼ መካከል የሠራተኛውን የቀን ክፍያ ከኪሱ ያልሸፈነ ያለ አይመስለኝም፤ በመንግሥት ምርምር ውስጥ እንዲህ ያለ ወጪ ደረሰኝ ስለማይኖረው ተመልሶ አይገኝም።

«ዘሩ ፖስታ ውስጥ ነው፣ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘሩ አይሞትም፤ ዳጉሳ እንዲያውም ነቀዝ የማይደፍረው፣ ለዓመታት ተቀምጦ ለክፉ ቀን የሚወጣ እህል ነው። የሚበላሸው ምርጫው ነው። ዳጉሳ አምስት ወር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ መሬት ላይ የሚቆይ ሰብል ነው። በጊዜው ከተዘራ ዘግይቶ የሚደርሰው ዓይነት ዝናቡን እስከ መጨረሻው ተጠቅሞ ጣቱን ይሞላል፣ ምርቱም ከፍ ይላል። ዘግይቶ ከተዘራ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ዝናቡ ይቆምበታል። እንዲህ ባለው ዓመት በሚዛን አንደኛ የሚወጣው ቶሎ የሚደርሰው ነው፤ የተሻለ ዝርያ ስለሆነ ሳይሆን ከድርቁ ቀድሞ ስላመለጠ። እኛ ደግሞ ቁጥሩን አይተን እሱን እንመርጣለን፣ ሌላውን እንጥላለን። የተጣለው ብላስት የተባለውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋመው ሊሆን ይችላል፣ ለገበሬው በሰኔ መጀመሪያ ቢሰጠው የሚያኮራው ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ መራጩ ተመራማሪ እገሌ ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው መራጭ ግን ሰኔ 30 ነው።

ይህ ስሕተት በስታቲስቲክስ አይታረምም። ሁሉም መደብ እኩል ስለዘገየ የሙከራው መረጃ ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ስለ ጤፍም አንድ ነገር ላሳይዎት። የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ ከፍሬው ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፤ ፍሬው እንደሚያውቁት በአንድ ግራም ከ2,500 በላይ ይቆጠራል። ለረጅም ጊዜ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ የጤፍ ማዳቀል የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ሥራው ያው ነው። አዳቃዩ ከቀኑ በስተመሻሽ አጉሊ መሣሪያ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ሦስቱን የወንዴ ብናኝ ከረጢቶች ሳይፈነዱ በቀጭን መርፌ ይለቅማል። ትንፋሹን መቆጣጠር አለበት፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሴቴዋ ትጎዳለች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከአባትየው ብናኝ አምጥቶ ያስነካታል። የብዙ ሰው ማለዳ ተደምሮ የሚገኘው ፍሬ በመዳፍ ላይ የሚቆጠር ነው።

ፍሬው ከተገኘ በኋላ ገና መጀመሩ ነው። የተዳቀለው ጠባዩ እስኪረጋ ስድስት ሰባት ትውልድ መዝራትና ማጨድ፣ ከዚያ በጥቂት መደብ መታየት፣ ከዚያ ለዓመታት በብዙ ቦታ መፈተን፣ ከዚያ በገበሬ ማሳ በኮሚቴ መገምገም አለበት። ዐሥር ዓመት ብዙም አይባልለትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደብረ ዘይት ላይ የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በዚህ መንገድ ከሁለት ጤፎች ተዳቅሎ የመጣ ነው፤ ምርቱ ዱከም ከሚባለው፣ ገበያ የሚወደው ንጣቱ ማኛ ከሚባለው። ዛሬ ቁንጮን የሚያውቁ ገበሬዎች ብዙ ናቸው፤ በመካከሉ ስንት ሰኔ እንዳለፈ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

የውጭ አገር ምሳሌ ብዙም አልወድም፤ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፣ የራሳችን ገብስ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ገብስ ውስጥ አመዳይ የመሰለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ። አውሮጳውያን አዳቃዮች ለገበሬ የሚሆን ዝርያ ያወጡበት በ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው፤ በመካከሉ የዓለም ጦርነት አለ። ዛሬ የአውሮጳ የቢራ ገብስ ብዙው ይህንን ዘረመል ይዞ ይዘራል። ዘሩ የእኛ ነበር፤ ትዕግሥቱና ያልተቋረጠው ወጪ የእነርሱ።

ወደ ሰዎቹ ልለፍ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነውና። አንድ ጎበዝ ወጣት ሁለተኛ ዲግሪውን በሁለት ዓመት መጨረስ አለበት። ያለው መኸር አንድ ነው። በጀቱ ዘግይቶ ያ መኸር ካመለጠው አንድ ዓመት ይጨምራል፣ ቤት ኪራዩም ይጨምራል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ሰኔ የማያስፈራው ርእስ ይመርጣል፤ መጠይቅ በትኖ የሚሰበስበው፣ ወይም ከቤተ ሙከራ የማያስወጣው። ጥሩ ርእሶች ናቸው፣ አልንቃቸውም። ግን በማለዳ ጤፍ የሚያዳቅለው ማን ይሆናል? ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠራውም ቢሆን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ዝርያ ከመነሻው እስከ መለቀቁ አያይም። ያዳቀለውን ለሚቀጥለው ሰው ጥሎ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ሰው በጀት ከሌለው ፖስታው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የደረጃ ዕድገት የሚያሰጠው ደግሞ በአብዛኛው የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ያ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

የተሻሉት ልጆቻችን ፕሮጀክት ወዳለበት ይሄዳሉ። ወርቅ ፍለጋ አይደለም የሚሄዱት፤ ሰኔ ላይ ናፍጣ ስለሚያገኙ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው የበጀት ጭማሪ አይደለም። መጀመሪያ፣ ሰኔ 30 ላይ መሬት ውስጥ ያለ ወይም ሊዘራ የተዘጋጀ የመስክ ሙከራ፣ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅና ለቀን ሠራተኛ የተመደበለት ቀሪ ገንዘብ ተመላሽ ሳይሆን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ሥራ ላይ እንዲውል ይፈቀድ። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ካዝናውን አያናጋም፤ ቁጥጥሩም ከባድ አይደለም፣ መደቦቹ ሜዳ ላይ ስላሉ ኦዲተር ሄዶ ሊቆጥራቸው ይችላል። በረጅሙ ደግሞ፣ አንድ የማዳቀል ሥራ ሲጸድቅ የዓመት ሳይሆን የአምስት ዓመት የወጪ ቃል ኪዳን ይሰጠው፤ በየዓመቱ ይገመገም፣ ደካማው ይቆረጥ፣ ግን በየዓመቱ ከዜሮ አይጀመር። መንገድና ግድብ ለብዙ ዓመት የሚታቀዱ ከሆነ ዝርያም ከእነርሱ የሚያንስ መሠረተ ልማት አይደለም።

«ለምን ሥራችሁን በበጋ መስኖ አትሠሩትም?» የሚል ካለ፣ እንሠራዋለን። የቆጋን የመሰለ መስኖ ባለበት ሁሉ በበጋ አንድ ትውልድ ጨምሮ መዝራት ጊዜ ያሳጥራል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ሥራም ከሂሳብ ዓመቱ ጋር አይጋጭም። ግን ጤፍ በክረምት ዶፍ መጋሸብ አለመጋሸቡ፣ ዳጉሳ በእርጥበቱ በሽታ መቋቋም አለመቋቋሙ የሚታየው በመኸር ብቻ ነው። ገበሬውም የሚዘራው በመኸር ነው።

ውሳኔው በመመሪያ የሚያልቅ ከሆነ እስከ ሚያዝያ ቢደርሰን ለሚመጣው መኸር ይጠቅመናል፤ የዘር ፖስታ ቆጥረን ቁጥር የምንጽፍበት ወር እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰብል ዝርያ ማሻሻያ ተመራማሪ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ